ቪዲዮው ያሳያል እንጂ አይሰማም፦ ክራርን በዩቲዩብ ስለ መለማመድ

በብዙዎቻችን ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ ክራር አለ። ዘመድ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ሲመለስ ያመጣዋል፤ ከሰፌዱና ከመሶቡ ጎን ይሰቀላል። እንግዳ ሲመጣ አንድ ሁለቴ ይነካና ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛ በመዖኖት የምንኖር ጥቂት ተማሪዎች ክራሩን ከግድግዳ አውርደን መማር ስንጀምር በአቅራቢያችን አስተማሪ አልነበረም። የነበረን ስልክና ዩቲዩብ ነው። ይህን የምንጽፈው በዚሁ መንገድ ለመማር ለምታስቡ ነው። የምንናገረው ስለ ክራር ነው፤ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ለያዘም ብዙው ይሠራል።

የቪዲዮ አስተማሪ ብዙ መልካም ነገር አለው። መቶ ጊዜ ብታስደግሙት አይሰለችም፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይም ይገኛል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ አይሰማችሁም። አውታራችሁ ሲላላ፣ ምታችሁ ሲሮጥ፣ ጣታችሁ የማይፈለገውን አውታር ሲነካ እሱ ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። በአካል የሚያስተምር ሰው ቢሆን ኖሮ እጃችሁን ይይዛችሁ ነበር። ስለዚህ በቪዲዮ የሚማር ሰው ዋና ሥራው የሚሰማውን ጆሮ ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው።

ከቅኝት እንጀምር። ቃሉ ራሱ ከመቃኘት የመጣ ነው፤ ክራር ላይም ነገሩ እንደ ቃሉ ነው። በጊታር አንዱን ክር እየተጫኑ ብዙ ድምፅ ማውጣት ይቻላል። በክራር ግን አንድ አውታር የሚሰጠው የተቃኘበትን ድምፅ ብቻ ነው። ክራራችሁ ስድስት አውታር ካለው ስድስት ድምፅ አላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ስድስተኛው የአንዱ አውታር ኦክታቭ ስለሚሆን፣ የተለያዩት ድምፆች አምስት ናቸው ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተዛባ ዜማው ሁሉ ይዛባል፤ የጣት ቅልጥፍና አያድነውም።

በተለመደው አጻጻፍ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እሱን ወደ ትዝታ ማይነር ለመለወጥ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ባቲ ማይነር ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ከአምባሰል በሁለት አውታር ይለያል፤ ሶል ዝቅ ይልና ላ ወደ ሙሉ ቦታው ይመለሳል። ይህን በቃል መሸምደድ አያስፈልግም። ልብ ማለት ያለባችሁ፣ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው መሄድ ማለት አውታር እያጠበቁና እያላሉ እንደገና መቃኘት ማለት መሆኑን ነው።

ዩቲዩብ ግን ይህን አያውቅም። የትዝታው ትምህርት ሲያልቅ ራሱ የአንቺ ሆዬውን ይከፍትላችኋል። ተማሪውም ክራሩን ሳይቃኝ የአዲሱን ቪዲዮ ጣት መከተል ይጀምራል፤ ጣቱ ትክክል፣ ድምፁ ግን ሌላ ይሆንበታል። ከዚያ «እኔ ለሙዚቃ አልተፈጠርኩም» ይላል። እኛ የተስማማንበት ሕግ ቀላል ነው፦ በራሱ የሚከፍተውን መዝጋት፣ ለአንድ ወር በአንድ ቅኝት ብቻ መቆየት። ለጀማሪ ትዝታ ሜጀር ይሻላል፤ ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ለምዶታል።

የአስተማሪው «ዶ» ደግሞ የእናንተ የመቃኛ አፕሊኬሽን የሚያሳየው ዶ ላይሆን ይችላል። ክራር ተጫዋች ክራሩን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች አድርጎ ነው፤ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ አውታሮቹን አንድ በአንድ የሚነካበትን ቦታ ፈልጉ። በአንዱ ላይ አቁሙ፣ ድምፁን በአፋችሁ ያዙት፣ ከዚያ የራሳችሁን አውታር ወደዚያ አምጡ። አውታሮቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተልም ከአስተማሪ አስተማሪ ሊለያይ ስለሚችል በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት። አውታሮቹን አንድ በአንድ የማያሰማ ቪዲዮ ምንም ያህል ቢያምር ለጀማሪ አይሆንም፤ እለፉት። አዲስ የናይለን አውታር ለመርጋት ቀናት ይፈጅበታል። እንደ አሽዶድና ኔታንያ ባሉ የባሕር ጠረፍ ከተሞች ደግሞ እርጥበቱ የክራሩን ቆዳ ያላላዋል። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ቃኙ፤ በመሐልም ቃኙ።

ቀጥሎ እጅ ነው። ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። በድርደራ አውታሮቹ አንድ በአንድ በጣት ይነካሉ፤ ይህ በቪዲዮ በደንብ ይታያል። በግርፍ ግን ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም አውታሮች ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው መሰማት የሌለባቸውን አውታሮች ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ባልታፈነው አውታር ነው። እንግዲህ ዋናው ሥራ ያለው ካሜራው በማያየው በኩል ነው! ግርፍ ለመማር ከጎን ወይም ከኋላ የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ፍጥነቱን ወደ 0.5 ዝቅ አድርጉና የትኛው አውታር እንደሚጮህ በጆሮ ለዩ፤ ሌሎቹ የታፈኑ ናቸው። ዩቲዩብ ፍጥነቱን ሲቀንስ ቃናውን አያወርደውም፤ ስለዚህ አውታራችሁ ከቪዲዮው ጋር እንደተስማማ ይቆያል። በኮምፒውተር ላይ «ጄ» የሚለው ቁልፍ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል። ቪዲዮውን አቁማችሁ የኮማውንና የነጥቡን ቁልፍ ብትነኩ ምስሉ አንድ በአንድ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄዳል። የጣት አቀማመጥ ለማየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘንም። አስተማሪው ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ግራ እጁ በእናንተ ቀኝ በኩል እንደሚታይም አትርሱ።

ሁሉንም ካያችሁ በኋላ ስልኩን ድፉት። ማየትና መለማመድ ሁለት ሥራ ናቸው፤ ችግሩ ከውስጥ ሲሰማ አንድ መምሰላቸው ነው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ያየ ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የሚያውቀው ግን ዓይኑ ነው። እኛ የምንጠቀምበት መጠን አምስት ደቂቃ ማየት፣ ሃያ ደቂቃ ያለ ስልክ መጫወት ነው። አንድ ሐረግ ብቻ ውሰዱ፤ አራት ወይም ስድስት ምት ይበቃል። መጀመሪያ በአፍ አንጎራጉሩት። ከዚያ ቪዲዮውን ሳታዩ በክራሩ ላይ ፈልጉት። የጠፋችሁ ቦታ ካለ ያንን ቦታ ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማል፤ የሚቀረውም እሱ ነው።

በ1993 አንደርስ ኤሪክሰንና ሁለት ባልደረቦቹ በበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ላይ ያሳተሙት ጥናት በትምህርታችን ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሕዝብ ዘንድ «10,000 ሰዓት» በሚል ቁጥር ነው የሚታወቀው፤ ስለ ሰዓቱ ብዛትም ክርክር አለ። ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ክፍል ነው፦ በድክመት ላይ ያነጣጠረ፣ እርማት ያለበት ልምምድ እንዲሁ ከመጫወት ይለያል። የምትችሉትን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሥር ጊዜ መጫወት ደስ ይላል፤ እየተሰናከላችሁ የምታልፉት አምስተኛው ምት ግን በአሥራ አንደኛውም ይቆያል። እሱን ብቻ ለይታችሁ፣ ከፊቱና ከኋላው አንድ አንድ ምት ጨምራችሁ፣ ሳትሰናከሉ እስክታልፉት በዝግታ ምቱት።

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበልጣል። ይህን ክራር ላይ ማመን የሚከብደው ካለ የፈተና ዋዜማውን ያስታውስ። ሰንበትን በሚያከብር ቤት ቅዳሜ ስልክም ክራርም አይነካም፤ ስድስት ቀን ይበቃል፤ እጅም ዕረፍት ይፈልጋል። በመዖኖት የጎረቤት ነገር ካስቸገረ በግርፍ ፋንታ ድርደራ ተለማመዱ።

አሁን ወደ ጆሮው። የመጀመሪያው ጆሮ ያው ስልኩ ነው። በየሁለት ቀኑ አንድ ደቂቃ ራሳችሁን ቅረጹ፤ ወዲያው ሳይሆን በማግሥቱ አዳምጡ። እየተጫወታችሁ የማይሰማችሁ ነገር፣ ለምሳሌ ቀላሉ ቦታ ላይ መቸኮል፣ በማግሥቱ በግልጽ ይሰማል። ሁለተኛው ጆሮ ግን ከስልኩ በጣም ይበልጣል፤ እሱም ቤታችሁ ያለው ነው።

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የሚና መገለባበጥ የሚባል ነገር እንማራለን፤ ለአብዛኞቻችን ከመጽሐፉ በፊት የምናውቀው ነው። በስምንት ዓመታችን የባንክ ደብዳቤ ለአባታችን አንብበናል፤ በሐኪም ፊት ለእናታችን አስተርጉመናል። የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሯ ስለ እኛ የተናገረችውን ለወላጆቻችን የተረጎምነው እኛው ነን፤ እንዴት አድርገን እንደተረጎምነው ለጊዜው ይቆይ። በ1984 በሱዳን በኩል ወይም በ1991 በአውሮፕላን የመጣ ወላጅ፣ በዚህ አገር ቋንቋ ልጁን የሚያስተምርበት ነገር እያነሰ ሄደ። ክራሩን ይዛችሁ ሳሎን ስትቀመጡ ግን ሚዛኑ ይዞራል። ኖታ አንብባ የማታውቅ እናት ከወጥ ቤት ሆና «ይሄማ ትዝታ አይደለም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አንዱ አውታር ወርዷል።

ይህ ጆሮ ግን አጠያየቅ ይፈልጋል። «እማዬ፣ ጥሩ ነው?» ካላችኋት «ጎበዝ የኔ ልጅ» ብላ ትጨርሰዋለች። «የቱ ጋ ነው ያስጠላሽ?» በሏት። ከሁሉ የሚሻለው «አንቺ ዝፈኚው፣ እኔ ልከተልሽ» ማለት ነው። ያን ጊዜ ክራሩን ለቪዲዮው ሳይሆን ለእሷ ድምፅ ቃኙት። ዶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ በአውታሮቹ መካከል ያለው ርቀት እስካልተለወጠ ድረስ ቅኝቱ ያው ነው። ስትዘፍን ቪዲዮው የማይነግራችሁን ታያላችሁ፦ የት እንደምትተነፍስ፣ የትኛውን ቃል እንደምታስረዝም፣ የትኛው ስንኝ ላይ እንደምትስቅ። የሳቀችበትን ጠይቋት፤ ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ አለበት፤ ወርቁን ደግሞ እኛ በራሳችን አንደርስበትም። ቤተሰባቸው ከትግራይ የሆነ ጓደኞቻችን የትግርኛ ክራር ትምህርት ቢፈልጉ ይሻላቸዋል፤ አመታቱ የተለየ ነው፤ የቤታቸው ጆሮም ያንን ነው የሚያውቀው።

ሁሉም ቤት ደስ ብሎት አይቀበልም። «ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የተባለች ጓደኛ አለችን። አዝማሪ የሚለው ቃል በአገር ቤት ክብርም ንቀትም አለበት፤ ንቀቱን ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች አሉ። የቄሶቻችን ጸሎት በነጋሪትና በቃጭል እንጂ በክራር ስለማይታጀብ ክራርን ከጭፈራ ቤት ጋር ብቻ የሚያያይዙም አሉ። መከራከር ጥቅም የለውም። ጓደኛችን ያደረገችው አባቷን በወጣትነታቸው የሚወዱትን ዘፈን ጠይቃ እሱን መለማመድ ነው። አባቷ አሁንም ስለ ክራሩ አንዳች አይሉም፤ ዓርብ ከሰዓት ስትጫወት ግን ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሦስት አራት ወር ከሠራችሁ በኋላ የትምህርት ቪዲዮውን ቀነስ አድርጉና ወደ ድሮ ቀረጻዎች ሂዱ። በ2011 ያረፈችው አስናቀች ወርቁ ተዋናይም ድምፃዊም ነበረች፤ ክራሯን ራሷ እየመታች ትዘፍናለች። ካሳ ተሰማም እንዲሁ ድምፁንና ክራሩን ብቻ ይዞ ነው። በሁለቱም ቀረጻ ክራሩ ለብቻው ጎልቶ ስለሚሰማ ለመከተል ይመቻል፤ ጣት የሚያሳያችሁ ግን የለም። ከመግቢያው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቁረጡ። ድምፆቹን በአፋችሁ ያዙ፣ ከአራቱ ቅኝቶች የትኛው እንደሆነ ገምቱ፣ ክራራችሁን በዚያ ቃኙ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ፈልጉ። ግምታችሁ ልክ መሆኑን ካላወቃችሁ፣ ዓርብ ቤት ስትሄዱ አጫውቱላቸውና ጠይቁ።