የኔትወርክ ስዊችን ቅንብር ስለ ማስቀመጥና ስለ መጠበቅ

ጠንቃቃ ነጋዴ የዕለቱን ሽያጭ በቍራጭ ወረቀት ጽፎ አይተወውም፤ ሳይመሽ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለብጠዋል እንጂ። የሒሳብ ክፍሉን፥ የመጋዘኑንና የመሸጫውን ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚያገናኘው ስዊች የተባለው መሣሪያም ይህንኑ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ስዊቹ የትኛው ኮምፒዩተር ከየትኛው ጋራ እንዲገናኝ የሚታዘዝበት ጽሑፍ አለው፤ ይህም ቅንብር ይባላል። በ1984 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ የተመሠረተው የሲስኮ ኩባንያ የሚሠራቸውን ብዙዎቹን ስዊቾች ብንመለከት፥ ቅንብሩ በሁለት ስፍራ ይገኛል። አንደኛው «ረኒንግ ኮንፊግ» ሲሆን፥ መሣሪያው ለጊዜው የሚሠራበት ነው፤ የሚቀመጠውም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋው ራም ውስጥ ነው። ሁለተኛው «ስታርታፕ ኮንፊግ» ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አይጠፋም፤ መሣሪያው ዳግመኛ ሲበራ የሚያነበውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ባለሙያው አንድ ለውጥ ባዘዘ ጊዜ ለውጡ ወዲያውኑ ይሠራል፤ ነገር ግን የተጻፈው በፊተኛው ላይ ብቻ ነው። ሥራው መቃናቱን አይቶ ሳያስቀምጠው ቢሄድ፥ ከወራት በኋላ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ጊዜ ስዊቹ በአሮጌው ቅንብር ይነሣል። አዲሱ መጋዘን ከሒሳብ ክፍሉ ይለያል፤ ሽያጭም ይቆማል። ስሕተቱ የተፈጠረው ከብዙ ጊዜ በፊት ስለ ሆነ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። መድኀኒቱ ግን አንድ መሥመር ትእዛዝ ነው፤ ይኸውም «ኮፒ ረኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ» የሚለው ነው።

ሆኖም ለውጡ ሳይፈተን ማስቀመጥ አይገባም። እንዲያውም ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ አስጊ ለውጥ ሲያደርግ፥ አስቀድሞ «ሪሎድ ኢን 10» ብሎ ቢያዝ መልካም ነው። በለውጡ ምክንያት ግንኙነቱ ቢቋረጥበት ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ያበራና በቀድሞው ቅንብር ይነሣል። ለውጡ ከተቃና ግን ያንን ትእዛዝ ሰርዞ ቅንብሩን ያስቀምጣል።

መሣሪያው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ሁለቱም ቅንብሮች አብረው ይጠፋሉና፥ አንድ ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ሊኖር ይገባል። ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባለው የመላኪያ ዘዴ ቀላል ቢሆንም የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የሚያሳልፈውንም አይሰውርም። ስለዚህ ጽሑፉን በምስጢር የሚያሳልፈው ኤስ.ሲ.ፒ. ይመረጣል። ቅጂው የይለፍ ቃሎችን ሊይዝ ስለሚችል እንደ ካዝና ቍልፍ መጠበቅ ያሻዋል። የመሣሪያው ስም፥ ለውጡ የተደረገበት ቀንና ምክንያቱም አብረው ይጻፉ። ቅጂውን በሚመልሱበት ጊዜ ደግሞ ወደ «ረኒንግ ኮንፊግ» የሚገለበጥ ጽሑፍ በነበረው ላይ እንደሚጨመር እንጂ ነባሩን ሁሉ እንደማይተካ ማስተዋል ያስፈልጋል።

የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራ ዘንድ ግድ አይደለም። ባለሙያው ሥራውን ፈጽሞ ከመሄዱ በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ይጠይቀው፤ «ቅንብሩ ተቀምጧልን? ቅጂውስ ወዴት ነው?»