የብዙ ማትሪክሶችን ረድፎች በአንድ ጊዜ ኖርማላይዝ ማድረግ

የአማርኛ ኪቦርድ ቀጣዩን ፊደል እንዲገምት ከፈለጋችሁ ቀላሉ መነሻ መቁጠር ነው። ከ«ሰ» ቀጥሎ «ላ» ስንት ጊዜ መጣ? «ው»ስ? ቁጥሮቹን በማትሪክስ እናስቀምጣቸዋለን፦ ረድፉ የቀደመው ፊደል፣ ዓምዱ ተከትሎት የመጣው ፊደል ነው። ቆጠራ ግን ገና ፕሮባቢሊቲ አይደለም። እያንዳንዱን ቁጥር በረድፉ ድምር ስናካፍል የየረድፉ ድምር 1 ይሆናል። ረድፍን ኖርማላይዝ ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ማሳሰቢያ፦ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ስንሠራ «ኖርማላይዜሽን» ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ ማምጣትንም ያመለክታል። እሱ ከቆጠራ በፊት የሚሠራ ነው፤ የዛሬው ትምህርት ከቆጠራ በኋላ ያለውን ይመለከታል።

ማትሪክሶቹ ሲበዙ

የዜና አማርኛና የቻት አማርኛ ስለሚለያዩ ለየብቻ እንቁጠራቸው። ለትምህርት እንዲመች ሁለት ፊደላት ብቻ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹም ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው።

ዜና፦ የመጀመሪያው ረድፍ 6፣ 2፤ ሁለተኛው 1፣ 1
ቻት፦ የመጀመሪያው ረድፍ 3፣ 2፤ ሁለተኛው 4፣ 6

በፓይተን ነምፓይ ሁለቱን በአንድ አሬይ ስናስቀምጥ ቅርጹ 2×2×2 ይሆናል፦ ማትሪክስ፣ ረድፍ፣ ዓምድ። በመጨረሻው አክሲስ፣ ማለትም በ-1፣ ስንደምር ለዜና 8 እና 2፣ ለቻት 5 እና 10 እናገኛለን። እስካሁን ትክክል ነው።

አደጋው የት ነው?

ድምሩ የመጨረሻውን ዳይሜንሽን ስላጠፋው ቅርጹ 2×2 ሆኗል። አሬዩን በዚህ ስናካፍል ነምፓይ ብሮድካስት ያደርጋል፤ ቅርጾቹን የሚያስተካክለውም ከቀኝ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የዜናው ማትሪክስ እንዲህ ይወጣል፦

የመጀመሪያው ረድፍ 0.75፣ 1
ሁለተኛው ረድፍ 0.2፣ 0.1

የረድፎቹ ድምር 1.75 እና 0.3 ነው። ሁለተኛው የዜና ረድፍ የተካፈለው በቻት ድምሮች ነው! ፕሮግራሙ ግን ምንም አላለም፤ የመጀመሪያውን 0.75 ብቻ ያየ ሰውም ትክክል ይመስለዋል።

33ቱ ፊደላት በ7 ቤታቸው 231 ይሆናሉ። ሁለት 231×231 ማትሪክሶች ቢሆኑ ኖሮ ቅርጾቹ ስለማይገጥሙ ፕሮግራሙ ቆሞ ስህተቱን ይነግረን ነበር። ዝም የሚለው የማትሪክሶቹ ብዛት ከረድፎቹ ብዛት ጋር እኩል ሲሆን፣ ወይም ያለን አንድ ካሬ ማትሪክስ ብቻ ሲሆን ነው። ለሙከራ የምንመርጣቸው ትንንሽ ምሳሌዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ናቸው።

መፍትሔው

ስትደምሩ «ኪፕዲምስ» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» አድርጉት። የድምሩ ቅርጽ 2×2×1 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ድምርም ከራሱ ረድፍ ጋር ይቆያል። አሁን ስናካፍል፦

ዜና፦ 0.75፣ 0.25፤ ከዚያ 0.5፣ 0.5
ቻት፦ 0.6፣ 0.4፤ ከዚያ 0.4፣ 0.6

ሉፕ አያስፈልግም፤ ማትሪክሶቹ ሁለትም ሆኑ ሁለት ሺህ ኮዱ ያው ነው።

ባዶ ረድፎች

እንደ «ጿ» ያለ ፊደል በጽሑፋችሁ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ያኔ የረድፉ ድምር 0 ነው፤ 0 ለ0 ሲካፈል ነምፓይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ «ናን» ይጽፋል፤ ናኑም በቀጣዮቹ ስሌቶች ሁሉ ይዛመታል። ሁለት መንገዶች አሉ፦

1. ከማካፈል በፊት 0 የሆነውን ድምር በ1 መተካት። ረድፉ ባዶ እንደሆነ ይቀራል።
2. ከመደመር በፊት በሁሉም ቦታ ትንሽ ቁጥር መጨመር። ለኪቦርድ ይህ ይሻላል፤ ያልታየ ማለት የማይቻል ማለት አይደለምና። ግን 1 ብትጨምሩ የየረድፉ ድምር በ231 ያድጋል፤ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየ ፊደል ቆጠራው ይዋጣል። እንደ 0.01 ያለ ቁጥር ሞክሩ።

ሁልጊዜ አረጋግጡ

ካካፈላችሁ በኋላ ውጤቱን እንደገና በመጨረሻው አክሲስ ደምሩ። ባዶ ከተተወ ረድፍ በስተቀር ሁሉም 1 መሆን አለበት፤ የአስርዮሽ ስሌት ጥቃቅን ልዩነት ስላለው «ኦልክሎዝ» በሚባለው ፈንክሽን አወዳድሩ። ይህች አንድ መስመር ያንን ዝምተኛ ስህተት ወዲያው ታጋልጠዋለች።

መልመጃ፦ አንድ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን 3×3 ማትሪክስ ወስዳችሁ ያለ ኪፕዲምስ አካፍሉ። ከዘጠኙ ቦታዎች ሁልጊዜ ትክክል ሆነው የሚቀሩት የትኞቹ ናቸው? ለምን?