ዲስክ በሞላ ጊዜ

የሰርቨር አስተዳዳሪን ዕውቀትና ትዕግሥት ከሚፈትኑት ነገሮች ሁሉ ዘወትር የሚደጋገመው፣ በዲስኩ ላይ ቦታ አልቆ ማንኛውም ፕሮግራም አንዲት መስመር እንኳ መጻፍ ሲሳነው የሚደርሰው ጭንቀት ነው። ዳታቤዙ አዲስ ነገር አልቀበልም ይላል፤ ኢሜይል አይላክም፤ ሊከፍል የመጣው ደንበኛ የስሕተት ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ የአስተዳዳሪውም ስልክ መጮኹን አያቆምም። በዚህን ጊዜ እጅ ወደ መደምሰስ ይቸኩላል። እኔ ግን በዚህ ምዕራፍ አንባቢዬን አጥብቄ የምለምነው፣ በተርሚናል ላይ ከሚጻፉት ትእዛዛት መካከል የሚጠይቁትን ከሚፈጽሙት ለይቶ እንዲያውቅና፣ ጠያቂዎቹን ጠይቆ ሳይጨርስ ከፈጻሚዎቹ አንዱን እንኳ እንዳይነካ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ዲስኩ ሳይሆን፣ ይህ የተከፈተው ተርሚናል የየትኛው ማሽን እንደ ሆነ ነው። «ሆስትኔም» ብሎ ጽፎ የማሽኑን ስም ማንበብ የቅጽበት ሥራ ሲሆን፣ እርሱን መዝለል የሚያስከትለውን ጥፋት የጊትላብ ድርጅት ራሱ ለዓለም ገልጾ ጽፎታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት፣ ከዋናው ዳታቤዝ ጋር መመሳሰል ያቃተውን ሁለተኛውን ሰርቨር ሲጠግን ያመሸ አንድ መሐንዲስ፣ በሁለተኛው ላይ ያለ መስሎት የዳታቤዙ ማኅደር እንዲደመሰስ ያዘዘው በዋናው ላይ ኖሮ፣ ነገሩን አስተውሎ ትእዛዙን እስኪያቋርጥ ድረስ ከ300 ጊጋባይት ያህል መረጃ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበረ። ባክአፕ ይሆናሉ ተብለው የታመኑት መንገዶችም በጭንቅ ሰዓት ሲፈተኑ አልሠሩም፤ አገልግሎቱ የተመለሰው ከ6 ሰዓት ያህል በፊት በእጅ ተወስዶ በነበረ ቅጂ ነው፤ በመካከሉ የተጻፈው ግን ጠፍቶ ቀረ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ በዝርዝር ስለ ጻፈው ምስጋና ይገባዋል፤ የዋናውን ሰርቨር ፕሮምፕት በቀይ ቀለም፣ የመለማመጃውን በአረንጓዴ ማድረግም ከዚህ መከራ የሚገኝ ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ማሽኑ ከታወቀ በኋላ «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ከ«ሰረዝ ኤች» ጋር ሲጻፍ፣ እያንዳንዱ የዲስክ ክፍል ምን ያህል እንደ ሞላ በጊጋባይትና በመቶኛ ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥ ግን አይገባም። «ኢኤክስቲ 4» የሚባለው የፋይል ሥርዓት ሲፈጠር፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ከቦታው 5 ከመቶውን ሩት ለተባለው የበላይ ተጠቃሚ ብቻ ለይቶ ስለሚያስቀምጥ፣ በ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ 50 ጊጋባይት ያህል እያለ እንኳ ተራው ፕሮግራም «ቦታ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። እንዲሁም ጊጋባይቱ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ይኸው መልስ ከመጣ፣ ያለቀው የፋይሎች መመዝገቢያ የሆነው አይኖድ ሊሆን ስለሚችል «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ደቃቅ የሴሽን ፋይሎች አንድ ሰርቨርን የሚያንቁት በዚህ መንገድ ነው።

ቦታውን የያዘው ማን እንደ ሆነ የሚመልሰው ደግሞ «ዲዩ» ነው። «ሰረዝ ኤክስ» ሲጨመርለት ወደ ሌላ ዲስክ ሳይሻገር እዚያው ይመረምራል፤ «ሰረዝ ኤች» የተጨመረበትን ውጤቱን በፓይፕ ምልክት ተቀብሎ «ሶርት ሰረዝ ኤች» ሲደረድረው፣ ከሁሉ የከበደው ማኅደር በመጨረሻው መስመር ላይ ይገኛል። ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ተቀባብለው አንድ ታላቅ ሥራ እንዲሠሩ የሚያደርገውን ይህን አሳብ ዳግላስ ማክኢልሮይ በቤል ላብስ ሳለ በ1964 ጽፎት ነበረ፤ ኬን ቶምፕሰን በዩኒክስ ላይ የሠራው ግን በ1973 ነው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም የአስተዳዳሪው የዕለት እንጀራ እርሱ ነው ብል አላጋነንሁም።

ብዙውን አስተዳዳሪ የሚያስጨንቀው ግን የሁለቱ ምስክሮች ቃል የማይስማማበት ጊዜ ነው፤ ይኸውም «ዲኤፍ» ዲስኩ ሞልቷል ሲል፣ «ዲዩ» ደምሮ ደምሮ ግማሹን እንኳ የማያገኝበት ነው። አስተዳዳሪው አንድን የገዘፈ ሎግ በ«አርኤም» ደምስሶ ሳለ አንዲት ባይት እንኳ አልተለቀቀችለትም። ምስጢሩ በሊኑክስ ዘንድ የፋይል ስምና የፋይል አካል የተለያዩ መሆናቸው ነው፤ መደምሰስ ስሙን ከመዝገብ ይፍቃል እንጂ፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘው ፕሮሰስ እስኪለቀው ድረስ አካሉ ከቦታው አይነሣም፤ ስሙ ከቀበሌ መዝገብ የተሰረዘ ተከራይ ቤቱን ሳይለቅ እንደሚኖር ማለት ነው። ይህን የተሰወረ ተከራይ የሚያጋልጠው «ኤልኤስኦፍ» የተባለው መሣሪያ ነው፤ የመደመር ምልክት፣ ኤልና አንድ ቁጥር ተከትለውት ሲጻፍ፣ ስማቸው ጠፍቶ አካላቸው ያለውን ፋይሎች ብቻ ይዘረዝራል፦ በስተግራ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀጥሎ የፕሮሰሱን ቁጥር፣ ወደ ቀኝ የፋይሉን መጠን፣ በመጨረሻም «ተደምስሷል» የሚለውን ምልክት። እንግዲህ መፍትሔው ማሽኑን ሁሉ አጥፍቶ ማስነሣት ሳይሆን፣ ያንኑ አንዱን ፕሮግራም ብቻ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ቦታው ወዲያውኑ ይመለሳል።

ስለዚህም በሥራ ላይ ያለ ሎግ ከበዛ «ትራንኬት» በተባለው ትእዛዝ መጠኑን ወደ ዜሮ ማውረድ ከመደምሰስ ይሻላል፤ ስሙም አካሉም በስፍራቸው ሆነው ይዘቱ ብቻ ይለቀቃልና። ለወደፊቱ ግን ይህን ሎጎችን በየጊዜው ለሚያፈራርቀው ለ«ሎግሮቴት» መተው ይበጃል።

የማይቀር መደምሰስ ሲመጣም፣ ሊደመሰስ የታሰበውን መንገድ በመጀመሪያ በ«ኤልኤስ» ጽፎ ዝርዝሩን ማንበብ፣ ከዚያም መስመሩን መልሶ ጠርቶ «ኤልኤስ»ን በ«አርኤም» መተካት ይገባል፤ በስሕተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ አንዱን መንገድ ሁለት ታደርገዋለችና። ረዥም ሥራ ከሆነ ደግሞ በ«ቲሙክስ» ውስጥ ይጀመር፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ በባሕር ማዶ ያለ ሰርቨርን የሚጠብቅ ሰው መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥበት እንኳ ሥራው በዚያ ማዶ ይቀጥላል፤ ሲመለስም ከተወበት ያገኘዋል።

ዲስኩ ከተነፈሰ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ሞላ ነው። የ«ዲኤፍ»ን መልስ በየማለዳው ከነቀኑ ወደ አንድ ፋይል የሚጽፍ አንድ መስመር በ«ክሮን» ላይ ይጨመር፤ ከ80 ከመቶ ሲያልፍም ለአስተዳዳሪው መልእክት ይላክ፤ ያ ፋይል ራሱ ግን ከሚሞላው ዲስክ ላይ ሳይሆን በሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ።