ኃያላን ተቀናቃኞቻቸውን በምን ዓይን ያያሉ?

የአንድ ኃያል መንግሥት የውጭ ፖሊሲ የሚወሰነው ተቀናቃኙ በፈጸመው ድርጊት ብቻ ነውን? አይደለም። ድርጊቱን የተረጎመበት መንገድና በአካባቢው ያለው ጥቅምም እኩል ይወስኑታል። ለዚህ አፍጋኒስታን በቂ ትምህርት ትሰጣለች።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1979 የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ። ዋሽንግተን ይህን ወደ ባሕረ ሰላጤው ነዳጅ የሚደረግ ግስጋሴ አድርጋ ተረጎመችው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኢራኑ ሻህ ከሥልጣን በመወገዱ በአካባቢው ዋነኛ አጋሯን አጥታ ነበርና ስጋቱ ገዘፈባት። ፕሬዚዳንት ካርተርም በጃንዋሪ 1980 ባሕረ ሰላጤውን ለመቆጣጠር የሚሞክር የውጭ ኃይል በጦር ጭምር እንደሚመከት አስታወቁ።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ይፋ የሆኑት የሞስኮ ሰነዶች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። መሪዎቹን ያስጨነቃቸው በደቡብ ድንበራቸው የሚገኘው ወዳጅ መንግሥት መዳከሙና መሪው ሃፊዙላህ አሚን ወደ አሜሪካ ያዘነብላል የሚለው ጥርጣሬ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱም ተፈራርተዋል። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን አልነበረም። አንዷ ነዳጁን፣ ሌላዋ ካቡልን ከእጇ ማውጣት አልፈለገችም። ጥቅም ስጋትን ሲያገዝፍ፣ ስጋት ደግሞ ጥቅምን «መከላከል» አሰኘው።

ዕዳውን የከፈለው የአፍጋን ሕዝብ ነው። የሶቪየት ጦር በፌብሩዋሪ 1989 ጠቅልሎ ሲወጣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አፍጋኖች በፓኪስታንና በኢራን ስደተኞች ነበሩ።

ስለዚህ ኃያላን «ስጋት ተደቅኖብናል» ባሉ ቁጥር አንባቢ ሁለት ጥያቄ ያንሳ፦ በእርግጥ ያዩት ምንድን ነው? የሚፈልጉትስ?