ወንጌላዊው ለገና ሲወጣ ቤቱስ?

ኅዳር ሲገባ በአምቦና በአካባቢዋ ከተሞች ያሉ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የገና መርሐ ግብር ማውጣት ይጀምራሉ። አንዱ ቡድን ጊንጪ፣ ሌላው ጌዶ፣ መዘምራኑ ደግሞ ጎጆ ይመደባሉ። የወንጌላዊው ስም ወረቀቱ ላይ ሦስት አራት ቦታ ይገባል። የሚስቱ ስም ግን የትም የለም፤ ከሩቅ የሚመጡትን እንግዶች ተቀብላ የምታበላው እሷ ሆና ሳለ።

ይህ ምክር ለዚያ ወንጌላዊና መርሐ ግብሩን ለሚያወጡት ሽማግሌዎች ነው።

በየሥልጠናው የሚታደሉት የበዓል አገልግሎት መመሪያዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ለሌላ አገር ነው። ጃፓን ውስጥ ክርስቲያኑ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ገናን የሚያከብሩበት ታኅሣሥ 16 እዚያ የሥራ ቀን ነው። እዚያ ያለ ሚስዮናዊ ሰው እንዲመጣለት አዳራሽ መከራየት፣ የመዝሙር ድግስ ማሰናዳት፣ በዓሉ ምን እንደሆነ ከመሠረቱ ማስረዳት አለበት። አምቦ ላይ ግን ጎረቤትዎ ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም ከርሟል፤ ስለ ልደት ከእርስዎ አዲስ ወሬ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ቤቱ መጥተው እንኳን አደረሳችሁ እንዲሉት ነው። ስለዚህ መድረኩን ቀንሱ፣ ቤት ለቤት መጠየቁን አብዙ። ድምፅ ማጉያ ይዞ አደባባይ ከመውጣት በቡና ላይ የሚደረግ ጨዋታ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም ያንሳል።

ቤት ለቤት የሚሄድ ሰው የጾሙን ሥርዓት ማወቅ አለበት። የገና ዋዜማ ገሃድ ስለሆነ በዚያ ቀን ኦርቶዶክስ ጎረቤትን ሥጋ ላለበት ማዕድ መጥራት ማሳፈር ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ይውላል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆንም ይበላበታል። የሰው ቤት የሚኬደው ከቅዳሴ መልስ፣ ቤተሰቡ ከገደፈና ትንሽ ካረፈ በኋላ ነው። ሲቀርብልዎ ይብሉ። የሰው ዶሮ ወጥ እየበሉ ስለ ሰው ታቦትና ሥዕል መከራከር ግን ነውር ነው፤ ያንን ለሌላ ቀን ይተዉት። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ከሁሉ አስቀድመው እዚያ ይሂዱ። ለቤተሰቡ ያ በዓል ከባድ ነው፣ ብዙው እንግዳም የሚያልፈው ያንን ደጅ ነው።

ወደ ገጠሩ ሲወጡ ቋንቋው ኦሮምኛ ይሁን። አናሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ እየተረዳ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው፤ ዛሬ በአስተርጓሚ የሚሰብክ ሰው ሰበብ የለውም። ኦሮምኛ የማይሆንልዎ ከሆነ የሚችለውን አስቀድመው እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ።

የልጆችን ነገር ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። በዓል ሲሆን የሰፈር ልጅ ከረሜላና መዝሙር ወዳለበት ይሮጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ልጅን በእምነት ኮትኩቶ የማሳደግን መብት ለወላጅና ለአሳዳጊ ይሰጣል። እናቱን ሳያስፈቅዱ የሰው ልጅ ሰብስበው አያስተምሩ። ዘይትና ዱቄት የሚታደልም ከሆነ ከስብከቱ ጋር አይጣመር፤ ተቀባዮቹንም ፎቶ አያንሡ።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ውስጥና ጉደር ባለው ማሞ መዘምር ካምፓስ አገራቸው የራቀ ተማሪዎች በዓሉን ዶርም ውስጥ ያሳልፋሉ። እነሱን መጋበዝ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ወንጌላዊው ቤት ከመጡ ግን ጥሩነቱ ይቀራል። ምእመናኑ ሁለት ሁለት ተማሪ ይካፈሉ። በግና ዶሮ የሚወደደው በበዓል ሰሞን ስለሆነ ሽማግሌዎች የእንግዳ ማስተናገጃ ገንዘብ በኅዳር መድበው በሚስቱ እጅ ይስጡ። ከወንጌላዊው ደመወዝ ይወጣል ብሎ ማሰብ ልጆቹን ልብስ መከልከል ነው።

ከዚያ ጉዞው አለ። ጉደር ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ሄዶ ለምሳ ይመለሱበታል። ባኮ ግን ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ የተመደበ ሰው ማደሩ አይቀርም። በበዓሉ ቀን መኪና እንደ ልብ አይገኝም፣ ታሪፉም ይጨምራል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዕለቱ ጠይቆ ማረጋገጥ ያሻል። ስለዚህ ሩቁን ቦታ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ወይም ከጥምቀት በኋላ ማድረግ ይቻላል። ያገሩ ሰው እስከዚያ እንኳን አደረሳችሁ ቢባል አይቀየምም።

የበዓሉ ቀን ምሳ ግን ለቤተሰቡ ይቀመጥ፤ መርሐ ግብሩም ላይ እንደ ማንኛውም አገልግሎት ሰዓቱ ይጻፍ። ካልተጻፈ ሰው ይወስደዋል። ስልክ ሲደወል ሚስቱ ወይም ትልቁ ልጅ አንሥተው «አባባ ምሳ ላይ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ይደውሉ» ይበሉ። ልጆቹን ለመዝሙር ማሰለፍ የሚፈልግ ኮሚቴ አስቀድሞ ልጆቹን ይጠይቅ፤ እምቢ ያለ ልጅ በአባቱ ሥራ ምክንያት አይገደድ። በበዓሉ ማግስት የጸሎት ስብሰባ የሚመራ ሌላ ሰው ከወዲሁ ይመደብ፤ የወንጌላዊው ሚስት ዘመዶቿን የምትጠይቀው ያን ቀን ነው፣ አብሯት የሚሄደውም እሱ ነው።