ትከሻው ሳያርፍ አትቁረጥ

ልጄ፣ የሙዚቃ ክሊፕ ኤዲት ማድረግ ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ሥዕልን ከዘፈን ማጋጠም ከኮምፒውተሩ አቅም ይልቅ ጆሮና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። የማውቀውን ልንገርህ።

1. ያለቀለት ድምፅ ሳትይዝ አትጀምር። በቴሌግራም የተላከልህ ገና ሚክሱ ያላለቀ ሊሆን ይችላል። አቀናባሪው ነገ መግቢያውን ቢያሳጥር ወይም ፍጥነቱን ትንሽ ቢነካካ፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆረጥከው ሁሉ ይፈርሳል። ማስተሩን በዌቭ ፋይል ጠይቅ፤ ቀረጻ ላይ የሚከፈተውም እሱው ይሁን።

2. ቀረጻ ላይ ዘፈኑን የሚያሰማው ስፒከር የት እንደቆመ እወቅ። ይህን ብዙዎች ንቀው ያልፉታል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስትሠራ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ድምፁ 14 ሜትር እንኳ አይጓዝም። ስፒከሩ ካሜራው አጠገብ ሆኖ ተወዛዋዦቹ 40 ሜትር ርቀው ሜዳው ላይ ቢቆሙ፣ ከበሮውን የሚሰሙት ሦስት ፍሬም ያህል ዘግይቶ ነው። የካሜራው ማይክ ግን በሰዓቱ ስለሰማ፣ ሶፍትዌሩ በድምፅ ሞገድ ሲያጋጥምልህ ሁሉም ልክ መስሎ ይታያል፤ ትከሻው ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉን ከድምፁ በሦስት ፍሬም አስቀድመውና በዓይንህ ፍረድ። ከሁሉም የሚሻለው ስፒከሩን ተወዛዋዦቹ ዘንድ ማድረግ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚዘገየው የካሜራው ማይክ ነውና አሁንም ዳኛው ዓይንህ ነው።

ድምፅ ከሥዕል ሲቀድም ቶሎ ይታወቃል፤ ሲዘገይ ሰው ይታገሣል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ተመልካች ልዩነቱን መለየት የሚጀምረው ድምፁ 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው። ከተጠራጠርክ ድምፁን ማዘግየት ይሻላል።

3. በስልክ የተቀረጸውን ፈትሽ። ስልክ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱን እየለዋወጠ ይቀርጻል። መጀመሪያ ላይ የገጠመው ከንፈር ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከዘፈኑ ከራቀ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ፋይሉን ሃንድብሬክ በሚባለው ሶፍትዌር ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይረህ እንደገና አስገባው።

4. ምቱን በእጅህ ምልክት አድርግ። ዓይንህን ጨፍነህ ዘፈኑን ክፈት፤ እግርህ መሬት በመታ ቁጥር የኤም ቁልፍን ንካ። ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ማርከር የሚያስቀምጡት በዚያ ነው። ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ነውና፣ ምት ለይልኝ ያልከው ሶፍትዌር በሦስት የሚከፈለውን በሁለት ከፍሎ ሊያሳስትህ ይችላል። ሒሳብም አለው፤ በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በ25 ፍሬም ሲሠራ አንዱ ምት 12 ፍሬም ተኩል ይሆናል። ግማሽ ፍሬም ደግሞ የለም። እያንዳንዱን ሥዕል በ12 ፍሬም እየቆረጥክ ብትደረድር፣ ከ50 ምት በኋላ ሥዕልህ ዘፈኑን አንድ ሙሉ ሰከንድ ቀድሞት ይገኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከማርከሩ ለካ፤ ካለፈው ሥዕል መጨረሻ አትለካ።

5. እስክስታን በየምቱ አትቁረጥ። የጀማሪ ሥራ ገና ሲታይ የሚያስታውቀው በዚህ ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር ሥዕሉ ይቀየራል፤ ተመልካቹ ሃያ ሥዕል አይቶ አንድም ትከሻ በወጉ አላየም። ተወዛዋዡ ደረቱን ይነፋል፣ ትከሻውን ይጥላል፣ ይመልሳል፣ አንገቱን ያስከትላል፣ ከዚያ ትንፋሹን አውጥቶ ያርፋል። ይህ ሁሉ አንድ ሐሳብ ነው። ከመነሻው እስከ ማረፊያው ተወው። ሲያርፍ ቁረጥ፤ አዲሱን ሥዕል ግን ከምቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ቀደም አድርገህ አስገባው፤ ዓይን አዲስ ነገር ለመያዝ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋልና።

6. ግጥሙን አክብር። የእኛ ዘፈን ነገሩን የሚጨርሰው ቤት በሚመታበት ቃል ላይ ነው። ድምፃዊቷ ወደዚያ ቃል ስትቃረብ ወደ መኪና ወይም ወደ ተራራ ከሄድክ ወርቁን ጣልከው። ፊቷ ላይ ቆይ፤ ቃሉ ይውጣ፤ ከዚያ ሂድ። አሜሪካዊው የፊልም አርታዒ ዋልተር መርች ለመቁረጥ የሚያበቁ ስድስት መመዘኛዎችን ሲያስቀምጥ ለስሜት 51 ከመቶ፣ ለሪትም 10 ከመቶ ሰጥቷል። የሚያወራው ስለ ፊልም ነው፤ ለክሊፕም ሚዛኑ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

7. በበገና ዝማሬ፣ ወይም ክራር ብቻ በያዘ ትዝታ፣ የምትከተለው ከበሮ የለም። በትንፋሽ ቁረጥ።

8. ሲያልቅ በትልቁ ስፒከር ብቻ አትመን፤ በስልክህም ተመልከተው። ከዚያ ለሌላ ለማንም ከመላክህ በፊት ለተወዛዋዦቹ አሳያቸው። ትከሻቸው የት ላይ እንደተቆረጠ ካንተ ቀድመው ያያሉ፤ ያሉህንም አስተካክል።