የበልግ ዝናምና የትንበያው ቃል፦ ለግሸንና ለአምባሰል አጥቢያዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያና በመላው አምባሰል የሚኖር ገበሬ ዓመቱን የሚቈጥረው በክረምት ዝናም ብቻ አይደለም። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ምስር በበልግ ተዘርተው በሰኔና በሐምሌ ይሰበሰባሉ። ዝቅ ባለው አገር ደግሞ ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈልገው ማሽላ መሬት የሚገባው በበልግ እርጥበት ነው። በመሆኑም በልጉ ሲታጎል የሚጎዳው የበልግ አዝመራ ብቻ ሳይሆን ከክረምት በኋላ የሚጠበቀውም እህል ነው።

ገበሬውን የሚፈትነው ግን በልጉ ጨርሶ የቀረበት ዓመት ብቻ አይደለም። አንዳንድ ዓመት በየካቲት ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ይዘንማል። ገበሬውም በልጉ ገባ ብሎ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ከጎተራ አውጥቶ ይዘራል። ከዚያ በኋላ ዝናሙ ለሦስት ሳምንት ይጠፋል፤ ቡቃያውም ደርቆ ይቀራል። ዳግመኛ የሚዘራው ያለው ጥቂት ነው፤ የሌለው ይበደራል፤ ወይም በሬውን ለገበያ ያወጣል። በዚህ እትም ስለ አየር ትንበያ ልንማማር የወደድነው ስለዚህ ነው፤ ጉዳዩ በአንድ ቤት ውስጥ የቀረው የመጨረሻ ዘር ጉዳይ ነውና።

1. ነቢዩ ጸለየ፤ ሎሌውንም ልኮ አስመለከተ

በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከረጅሙ ድርቅ በኋላ ነቢዩ ወደ ቀርሜሎስ ራስ ወጥቶ በምድር ላይ ተደፍቶ ጸለየ። በዚያው ሰዓት ሎሌውን ወደ ባሕር እንዲመለከት ላከው። ሎሌው ስድስት ጊዜ ሄዶ ምንም አላየም፤ በሰባተኛው ግን የሰው እጅ የምታህል ትንሽ ደመና ከባሕር ስትወጣ አየ። ነቢዩም ወዲያው ለንጉሡ ዝናሙ ሳይዘው እንዲነሣ መልእክት ላከ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እናገኛለን፦ ጸሎት፣ ምልከታና ዝግጅት። ነቢዩ ስለ ጸለየ መመልከትን አልተወም፤ ስለ ተመለከተም ጸሎቱን አላቋረጠም። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በመስተብቍዕ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬና ስለ ወንዞች ውኃ ትለምናለች፤ መከራ ሲበዛም ምሕላ ታውጃለች። በጸሎቱ በኩል አጥቢያዎቻችን እንግዳ አይደሉም። ሎሌው የፈጸመውን የምልከታና የመልእክት አገልግሎት ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ አካል ትተነዋል።

2. የበልግ ዝናም ከወዴት ይመጣል?

የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ስለ በልግ ሲያስብ አስቀድሞ የሚመለከተው ወደ ባሕር ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንመው ዝናም እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር ነው። ነፋሱ እርጥበቱን ተሸክሞ ወደ ምሥራቁ የአገራችን ተራራማ ጠርዝ ይመጣል። ይሁን እንጂ እርጥበት መኖሩ ብቻውን አያዘንምም። ከሰሜን በከፍተኛው አየር ላይ የሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ ደመናው ወደ ላይ ይገነባል፤ ዝናምም ይሆናል። ሁለቱ ካልተገናኙ ሰማዩ ደመና አርግዞ ሳይዘንም ያልፋል።

የበልግ ዝናም እንደ ክረምቱ ተከታታይ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጥቂት ቀን ዘንሞ ያቋርጣል፤ እንደገናም ይመለሳል። በደቡብ ምዕራብ የሕንድ ውቅያኖስ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲበዛ ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣው እርጥበት ወደዚያ ይሳባል። ከዚህም የራቀው የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት ጭምር በልጋችንን ይነካል። ውኃው ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኖ፣ ሲቀዘቅዝ ላኒና ይባላል። በብዙ ዓመታት እንደ ታየው ላኒና በልጉን ያዳክማል፤ ኤልኒኖ ደግሞ ክረምቱን ይጎዳል። ይህም ቢሆን የማይሻር ሕግ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ደካማ ሆኖ አለፈ፤ በኤልኒኖ ምክንያትም ክረምቱ ተከትሎ ጎደለ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአገራችን አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መድረሱ ተገለጠ።

3. የትንበያው ቃል ምን ማለት ነው?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያ ያወጣል፤ በኮምቦልቻም ለምሥራቅ አማራ የሚያገለግል ማዕከል አለው። ከወቅቱ ትንበያ በተጨማሪ የወርና የ10 ቀን መግለጫዎች ይወጣሉ። በመግለጫዎቹ ውስጥ የሚገኙት ሦስት ቃላት ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች የሚሉት ናቸው። እነዚህን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል።

የ30 ዓመት የበልግ ዝናም መዝገብ ቢኖረን ዓመታቱን እንደ ዝናማቸው ብዛት በቅደም ተከተል እንደርድር። ብዙ የዘነመባቸው 10 ዓመታት ከመደበኛ በላይ፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ የቀሩት 10 ከመደበኛ በታች ይባላሉ። ስለሚመጣው በልግ ምንም ፍንጭ ባይኖር የሦስቱም ዕድል እኩል ነው። ባለሙያው ግን የባሕሩን ሙቀትና የነፋሱን አካሄድ መርምሮ፣ ዘንድሮን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትንም አመሳክሮ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል። ለምሳሌ ከመደበኛ በታች 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 20 በመቶ ቢል፣ ድርቅ ይሆናል ማለቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ምልክት በታየባቸው 100 ዓመታት ውስጥ 45ቱ ዝናም ያንሳቸዋል፤ 55ቱ ግን አያንሳቸውም ማለቱ ነው።

ስለዚህ ትንበያ ትንቢት አይደለም። አንድ ጊዜ ሳይሠምር ቢቀር ባለሙያው ዋሸ አይባልም፤ አንድ ጊዜ ቢሠምርም የመዝሪያውን ቀን ይነግረናል አይባልም። የወቅቱ ትንበያ የሚያገለግለው ምን ዓይነት ዘር እንደሚመረጥ፣ ምን ያህል እንደሚዘራና ምን ያህል ለክረምት እንደሚቀመጥ ለመወሰን ነው። የመዝሪያው ሳምንት የሚለየው በ10 ቀኑ መግለጫና በመሬቱ እርጥበት ነው።

4. ባሕረ ሐሳብና የአባቶች ምልክት

ምእመናን ካህናትን የዘንድሮው በልግ እንዴት ነው? ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ከወንጌላውያኑ ዘመን ወይም ከአጽዋማቱ መግቢያ የሚፈልጉም አሉ። ባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን በትክክል የምናገኝበት ታላቅ የአባቶች ዕውቀት ነው፤ የዝናምን መጠን ለመስፈር ግን አልተሠራም። ጾመ ነነዌ ቀድሞ ቢገባ ጥር 17፣ ዘግይቶ ቢገባ የካቲት 21 ይውላል። ይህ የ34 ቀን ልዩነት ነው። ደመናው ከዚህ ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይልምና የነነዌን ዝናም የዘር ምልክት ማድረግ ገበሬውን ሊያሳስት ይችላል።

የወንጌላውያኑም ዘመን እንዲሁ ነው። በወሎ በልጉ በከፋ ሁኔታ ከቀረባቸው ዓመታት መካከል 1965 ዓ.ም. ዘመነ ማቴዎስ፣ 1976 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ፣ 1991 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነበሩ። የወንጌላውያኑ ዘመን በየ4 ዓመቱ ይመለሳል፤ ኤልኒኖና ላኒና ግን ከ2 እስከ 7 ዓመት ባለ ያልተስተካከለ ጊዜ ይመላለሳሉ።

ይህን ስንል የአባቶችን ምልከታ መናቃችን አይደለም። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያስተውል ሽማግሌ ባለሙያው በመሣሪያ የሚያየውን በዓይኑ እያየ ነው። በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው ክብ በከፍታ ላይ ያለ ስስ የበረዶ ደመና የሚፈጥረው ነው፤ አንዳንዴም ዝናም ይከተለዋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ለነገና ለከነገ ወዲያ ይጠቅማል፤ ለሙሉው ወቅት ግን የባሕሩ ወሬ ያስፈልገናል።

5. የወረደውን ዝናም ማስቀረት

ደን ሲጨፈጨፍ ዝናም ይጠፋል ብለን እናስተምራለን። ሰፊ ደን ለአየሩ እርጥበት አስተዋፅኦ እንዳለው እሙን ነው። ነገር ግን የበልግ ዝናማችን ከሩቅ ባሕር የሚመጣ በመሆኑ የአንድ ደብር ደን ደመናውን አይጠራውም። የደብሩ ደን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የወረደው ዝናም እዚያው መቅረቱን ወይም ጎርፍ ሆኖ መሄዱን ነው።

1 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም በ1 ሄክታር ላይ 200 ሺህ ሊትር ያወርዳል። መሬቱ የተራቆተ ተዳፋት ከሆነ አብዛኛው ውኃ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ዛፍ፣ ሣርና እርከን ካለ ግን ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ምንጭም ሆኖ ይወጣል። የግሸን አምባ በገደል የተከበበ የመስቀል ቅርጽ ነው። በላዩ የሚወርደው ዝናም ካልተያዘ ፈጥኖ በጠርዙ ይወርዳልና በዚያ እያንዳንዱ ዛፍና እያንዳንዱ የውኃ ማጠራቀሚያ ዋጋው ትልቅ ነው።

በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የከብት ግጦሽ አዳዲስ ችግኞች እንዳያድጉ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። በዚያ ያሉ አጥቢያዎችም ከማሳ የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ደናቸውን አጥረዋል። ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በእኛም ተራሮች ሊሠራ የሚችል ነው። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በቅጥሩ ውስጥ በራሳቸው እንዲበቅሉ ዕድል ይሰጣል።

6. ሰበካ ጉባኤው በዚህ በልግ ምን ያድርግ?

ሀ. የ10 ቀኑን መግለጫ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚቀበልና በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የሚያነብ አንድ ሰው ይመድብ። መግለጫው ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ይነበብ።

ለ. የዝናም መለኪያ ይትከል። ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በገላጣ ቦታ ይሁን፤ ዘወትር ጠዋት በ3 ሰዓት ተነቦ በመዝገብ ይጻፍ። ዝናም ያልነበረበትም ቀን ዜሮ ተብሎ ይመዝገብ።

ሐ. ገበሬው ዘሩን ሁሉ በመጀመሪያው ዝናም እንዳያወጣ ይመከር። በ3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል መዝነሙን ከመዝገቡ ይመልከት፤ አፈሩን አንድ ስንዝር ቆፍሮ እርጥበቱን በእጁ ያረጋግጥ፤ ከልማት ሠራተኛውም ጋር ይማከር።

መ. የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አሸንዳና ማጠራቀሚያ ይኑረው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናም፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ 800 ሊትር ይሰጣል። ይህ ውኃ ለክረምት ተከላ የሚዘጋጁትን ችግኞች ያጠጣል።

ሠ. የደኑ ካብ የፈረሰበት ቦታ ይጠገን። መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚመጣው ምእመን የሚጥለው ፕላስቲክ የውኃውን መውረጃ እንዳይደፍን አስቀድሞ ቦታ ይዘጋጅለት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በአጥቢያችን ባለፉት 10 ዓመታት በልጉ ቀድሞ ገብቶ የተቋረጠባቸው ዓመታት የትኞቹ ናቸው? ዘር ያለቀባቸውን ቤተሰቦች ማን ረዳቸው?

ምእመናን ስለ ዝናም ሲጠይቁን ምን እንመልሳለን? መልሳችን ለዘራቸው ይጠነቀቃልን?

በደብራችን ቅጥር ውስጥ የሚወርደው ዝናም ወዴት ይሄዳል? በአንድ ዝናማማ ቀን አብረን ተከትለነው እናውቃለንን?

ዐቢይ ጾም ከበልጉ ጋር ይገናኛል። ምእመናን በየዕለቱ ለጸሎት በሚሰበሰቡበት በዚህ ወቅት ምሕላውም፣ መለኪያውም፣ ምክሩም በአንድ ደጀ ሰላም ይገናኙ ዘንድ አደራ እንላለን። ዝናሙን በወቅቱና በመጠኑ የሚሰጥ እግዚአብሔር አምላካችን የገበሬውን ዘር ይባርክ፤ እኛንም የምናይና የምንጠነቀቅ አገልጋዮች ያድርገን። አሜን።